አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ለቀቅ

«አገጭ ዝቅ፤ ትከሻ ለቀቅ፤
ሙሽራው፣ ወደሷ ጠጋ፤ ሙሽሪት፣ አንቺም ትንሽ ሳቅ።»
ሃያ ዓመት ይኸን አልኩኝ፣ ከጦሳ ሥር ቆሜ፣
እንደ ተራ አስከባሪ ጎርንኖ ድምፄ፣ ላልቶ አቅሜ።
ስንቱን ጥንድ አቆምኩት እንደ ስልክ እንጨት፣
ስንቱን እጅ አስቀመጥኩት ባልለመደው ወገብ፣ ባልለመደው ደረት።

እጅ ነው የሚያስቸግረው።
ፊትስ ይዋሻል፤ ጥርስም ይገለጣል፤
እጅ ግን፣ አቤት እጅ! መግቢያ ጠፍቶት ይንጠለጠላል፣
ኪስ ይፈልጋል፣ ክራቫት ይነካል፣
እንደ ተበደሩት ዕቃ በሄደበት ይከብዳል።

ይመርም እንዲህ ነበር፤ የኮምቦልቻ ጎሚስታ፣
ብሎን በጨለማ የሚፈታ፤
ዛሬ ግን ጣቱ ቬሎዋን ነክቶ፣ እኔን ጠየቀኝ ይቅርታ።
ሉባባ ደግሞ፣ የሰኞ ገበያዋ፣ ቀሚሷን በሁለት እጅ ይዛ፣
ካብ ላይ በተደረደሩ አክስቶቿ ዓይን ተይዛ፣
አንገቷ ሽቦ ነበረ።

ሙሄ ነጩን ሰሌዳ ተሸክሞ ፀሐይ ያባርራል፤
ፀሐይዋ ግን የደሴ ናት፤ ጉም ይመጣል፣ ጉም ይሄዳል፤
መኪናው ጡሩምባ ይነፋል፣
የቪዲዮው ልጅ ያዛጋል።

ድሮ ቢሆን «ሳቁ!» እላለሁ። አሁን ተምሬያለሁ፤
ሳቅ የታዘዘ ሰው፣ ጥርሱን እንደ ለሐኪም ሲያሳይ ስንቴ አይቻለሁ።
ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ፣
«እስከዚያች ባሕር ዛፍ ሂዱ» አልኩ፤ «ቀስ ብላችሁ፣ እኔን ረስታችሁ፣
ያለባችሁን ዕዳ እየቆጠራችሁ።
የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የበሬውን፣ የመኪናውን፣
የሚዜውን ሱፍ... ደሞ የኔን ቀሪ፣ አደራ፣ የኔን!»

አክስቶች ሳቁ። ሙሽሮቹ ሄዱ፣
መጀመሪያ እየቀለዱ፣
በጣት፣ አንድ፣ ሁለት... ከዚያ ጣት አለቀ፣ ድምፁ ወረደ፤
ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ (ያላዘዝኩትን!)፤ አንድ ነገር ነገራት፣ ፊቱ እየነደደ።

ቆመች።
ጉሙ እግራቸው ሥር ደረሰ።
ያ ሽቦ አንገት ዞረ፤ ዓይኗ ፊቱን ዳሰሰ።
እኔ ጣቴን ጫንኩ።
ቁጣ ነው? ነው። ፍርሃት? እሱም አለ።
ቬሎው ጭቃ ላይ ወድቋል፤ የሚያነሣው የታለ?

ከዚያ በተራዋ እሷ ወደ ጆሮው ተንጠራራች፤
ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ብቻ አንድ ጣት አወጣች፣
ቆየችና ሌላ ጨመረች።
አፉን ከፍቶ አያት፤ ዕዳ ገጠመው በዕዳ፤
የይመር ሳቅ እንደ አሮጌ ጎማ ፈነዳ።
ያ እጅ፣ መግቢያ የጠፋው፣ ያ የተበደሩት ዕቃ፣
መቼ እንደሄደ ሳላይ፣ ወገቧን ይዟል በቃ።

ሰባት ፎቶ። በሰባቱም አገጭ ወደ ላይ፣ ትከሻ ተንጋዷል፤
በአንዱማ ከኋላ ፍየል ያያል።

በሳምንቱ የይመር እናት ፒያሳ ስቱዲዮ መጡ፣
ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ፤
መነጽር ሰክተው ፎቶውን እንደ ምስር ለቀሙ፣
«ይችን ለሳሎን፣ በትልቁ ፍሬም፤ እይ እንዴት እንደ ሰው ቆሙ!»
ከሁሉ በፊት ያነሣኋት ነበረች፤ የስልክ እንጨቶቹ።
ሰባቱን ገፋ አደረጉ፤ «ምነው፣ ሲጣሉ አነሣሃቸው?»
ምን ልበላቸው?

ሮብ ዕለት ሉባባ መጣች፣ ብቻዋን፣ ፌስታል አንጠልጥላ።
ቀሪ ሒሳቤን ቆጠረች፣ የተጨማደደውን ብር በመዳፏ ደልድላ።
ከሰባቱ አንዷን ጠቆመች፤ ገና ሳይስቁ፣
የቆመችባትን፣ የነገራትን ሰምታ።
«የሳቃችሁበት አለ» አልኳት።
«አየሁት» አለች። «ይችን። በጉርድ ፎቶ ልክ፤ ቦርሳ የምትገባ።»
መቀሱን አንስቼ የታችኛውን ጠርዝ ላስተካክል ስል፣
«ተወው» አለች፣ «ጭቃውም ይግባ።»